ወረደ ማለት ጠቀመ ማለት አይደለም፦ ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለ መብላት ለተጻፈው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለው እኔም ዘንድ የደረሰ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ክብደት ለመቀነስ የሚደረገውን የጨጓራ ቀዶ ሕክምና፣ ስሊቭ የሚባለውን ዓይነት፣ ያደረጉ የሰሜን ሸዋ ሰው ናቸው። በዕድሜ ታላቄ ስለሆኑ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። የጻፉት ከኦፕራሲዮን በኋላ ወደ ጠጣር ምግብ ስለ መመለስ ነው። ብዕራቸው ይጥማል፣ ጨዋታ ያውቃሉ፤ ሰው የተቀባበለውም ለዚሁ ይመስለኛል። ሐሳባቸው ሲጠቀለል እንዲህ ነው፦ ሆስፒታል የሚሰጠው «በዚህ ሳምንት ፈሳሽ፣ በዚያ ሳምንት የላመ» የሚል ወረቀት ለፈረንጅ አንጀት የተጻፈ ስለሆነ ቆሎ እየቆረጠመ ላደገ የደጋ ሰው አያስፈልገውም፤ የእናቶቻችን ገንፎና አጥሚት ይበቃል፤ ምግብ ሲይዝ በውሃ ማውረድ ነው፤ ቢያስመልስም ኦፕራሲዮኑ ሥራውን እየሠራ ነው፤ ትንሽ መብላት ግድ ከሆነ ደግሞ ጾሙን አብሮ መያዝ ነው፤ ቫይታሚኑ የፋርማሲ ገበያ ነው።

እኔ ነርስ ነኝ፤ የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ኦፕራሲዮን ተደርጎላቸው ወደዚህ የሚመለሱ ሰዎች እንደ ድሮው ብርቅ አይደሉም። ይዘውት የሚመጡት ወረቀት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው፤ ከተዘረዘረው ምግብ ግማሹ ቅዳሜ ገበያ ቢዞሩበት አይገኝም። ስለዚህ ጋሼ «ይህ ወረቀት እኛን አያውቀንም» ማለታቸው እውነት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ነው የማያስማማን። ወረቀቱ ጓዳችንን አያውቅም ብለው ሲተዉት ስለ ቁስሉ የሚናገረውንም አብረው ጣሉት።

ከሳምንቶቹ ልጀምር። ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ እንጀራ በወጥ በልተው ምንም እንዳልሆኑ ጽፈዋል። እንኳን ምንም አልሆኑ። ነገር ግን ስሊቭ ሲሠራ ከጨጓራው ከ75 እስከ 80 ከመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ይወጣል፤ የቀረው ቀጭን ቱቦ መስሎ ከላይ እስከ ታች በብረት ስቴፕል ይሰፋል። ባይፓስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከላይ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ከረጢት ብቻ ትተርፍና ትንሹ አንጀት ተቆርጦ ከእሷ ጋር ይገጠማል። ይህ ስፌት ሲጀመር ያበጠ ነው፤ ገና አልጠገገም። ቆሎ ጥርስን ያጠነክር እንደሆነ እንጃ፣ ስፌትን ግን አያጠነክርም። የመንዝ ሰውም ሆነ የስዊድን ሰው ቁስል የሚጠግገው በዚያው ጊዜ ነው።

የሳምንቶቹ ቅደም ተከተልም የተሠራው በዚሁ ልክ ነው። አንድ ሁለት ቀን ጥርት ያለ ፈሳሽ፤ ከዚያ እስከ ሁለት ሳምንት ወተትና የተጣራ ሾርባ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት የላመ ምግብ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው በሹካ የሚደቅ ለስላሳ ምግብ፤ ከዚያ ወዲያ ቀስ እያሉ ጠጣሩን። ሐኪም ከሐኪም በሳምንት ይለያያል፤ የቀደደው ሐኪም የጻፈው ካለ ከእኔም ከጋሼም ጽሑፍ ይበልጣል። በእነዚህ ሳምንታት የሚፈራው ነገር ስፌቱ እንዳያፈስ ነው። ትኩሳት፣ ቁጭ ብሎም የማይበርድ የልብ ምት፣ የሚጨምር የሆድ ሕመም፣ ግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ቤት ውስጥ በጤና አዳም የሚጠበቅ ነገር አይደለም። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመሐል ሜዳ ወይም ከዓለም ከተማ ለሚነሣ ሰው መንገዱ የቀኑን ግማሽ ይበላል። ሩቅ የሚኖር ሰው ከከተማው ሰው ይበልጥ ሳምንቱን መጠበቅ ያለበት ለዚህ ነው። ጋሼ ግን ያሉት ተቃራኒውን ነው።

አሁን ወደ ገንፎው። ዋናው ልዩነታችን እዚህ ነው፣ ስለዚህ ብቆይበት አይፈረድብኝ።

ጋሼ የሚሉት፣ ገንፎ ለስላሳ ነው፤ ጥርስ አይጠይቅም፤ አራስ የሚያነሣ ምግብ ቁስለኛን እንዴት አያነሣም? ነው። ይህ የጋሼ ብቻ አይደለም። እኛ አገር ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ቤቱ ሲገባ እንደ አራስ ነው የሚያዘው። ጎረቤት አጥሚት በፔርሙዝ ይዞ ይመጣል፣ የገብስ ዱቄት ይነፋል፣ ቅቤ ይነጠራል። ፍቅሩን የሚነቅፍ የለም። ግን አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ሦስተኛ ሳምንቷን የያዘች ሴት ልጠይቅ በገባሁበት ቤት እናቷ ገንፎ አገንፍተው አቅርበዋል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሎ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበታል። «በሞቴ፣ ሦስት ጉርሻ ብቻ» ይሏታል። ሁለተኛውን እንደዋጠች ዝም አለች። እጇን ደረቷ መሐል ላይ አሳረፈች፣ አንገቷን አቀረቀረች፣ ምራቋ እየሞላ መጣ፤ ቀጥሎ የምትተፋው ነጭ አረፋ ነበር። እናትየው ደንግጠው ውሃ አቀበሏት። ውሃውም አልወርድ አለ፤ ተመልሶ ወጣ።

ምን ሆነ? ገንፎ አፍ ውስጥ ለስላሳ ነው፤ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ግን እርስ በርሱ ተጣብቆ እብጥ ይሆናል። ከላይ ያለው ምራቅ መሄጃ ሲያጣ አረፋ ሆኖ ይመለሳል። ትኩስ ድፎ ዳቦም እንዲሁ ነው፤ ያልታኘከ እንጀራም፤ ፓስታም። የጠነከረ ምግብና የሚጣበቅ ምግብ ለየቅል ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው።

አለመውረዱ ብቻ ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሲወርድ ነው። ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ያ ካልገባ ሰውነት የሚያቀልጠው ሞራውን ብቻ አይሆንም፣ ጡንቻውንም ይበላል፤ ቁስሉም ይጎተታል። ጨጓራው ደግሞ የሚይዘው በስሊቭ ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ነው፤ ሁለት የቡና ስኒ ማለት ነው። በዚያ ላይ 100 ግራም ገንፎ ውስጥ ያለው ዱቄት ቢበዛ 30 ግራም ነው፤ የገብስ ፕሮቲን ደግሞ ከመቶ 10 ወይም 12 ነው። ሂሳቡን ይሥሩት፦ ስኒውን የሞላው ገንፎ ይዞ የገባው ፕሮቲን 3 ግራም ገደማ ነው። ቦታውን ይዞ ባዶ እጁን መጣ።

አጥሚት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በማርና በቅቤ የተሠራ አጥሚት ያለምንም ችግር ይወርዳል፣ አይጣበቅም፣ አያስመልስም። ለዚህ ነው አሳሳቹ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ብቻውን ከ110 ካሎሪ ያልፋል፤ ማሩ ሲጨመርበት ሰውየው ያን ሁሉ ብር ያወጣበትን ኦፕራሲዮን በፔርሙዝ እየጠጣ ያፈርሰዋል። ባይፓስ ያደረገ ሰው ላይ ደግሞ ጣፋጩ በቀጥታ ወደ ትንሹ አንጀት ይደፋል። ከበላ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ያዞረዋል፣ ሆዱን ይቆርጠውና ተቅማጥ ይይዘዋል። ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶም ስኳሩ ወርዶ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «ደክሞታል፣ አጥሚት ድገሙት» ይላል። በሶም ቢሆን ያው ገብስ ነው፤ በማርና በቅቤ ከተለወሰ ከዚህ አይለይም። ማርና ቅቤ የሌለበት፣ በወተት የተሠራ ቀጭን አጥሚት አልፎ አልፎ ይጠጣ፤ እሱን አልከለክልም። ዋና ምግብ ግን አይሁን።

ታዲያ ምን ይበላ? ጋሼ የባሕር ማዶ ፕሮቲን ዱቄት ካልገዛችሁ አትድኑም የሚሉትን ሰዎች መገሠጻቸው ደስ ብሎኛል። ዱቄቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ያቀላል፤ አቅም ያለው ይግዛ። የሌለው ግን ጓዳው አልከዳውም። የሰሜን ሸዋ ቤት ውስጥ የሚበዛው ነገር አይብ ነው። አይብ ቅቤው ተንጦ ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ስቡ ጥቂት ነው፤ 100 ግራሙ ወደ 14 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ሚጥሚጣና ጎመን ሳይገባበት፣ በጥቂት ወተት አለስልሶ በሻይ ማንኪያ መብላት ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም ነው፤ ፍርፍሩ ሳይደርቅ ከእሳት ይውረድ። ግማሽ ሊትር የፈላ ወተት 16 ግራም ገደማ፤ አንድ ብርጭቆ እርጎ 7፤ በደንብ በስሎ የደቀቀ 100 ግራም ምስር 9። ይህ ሲደመር 60ው ላይ ይደርሳል ማለት ይቻላል፤ ያውም ቀኑን ሙሉ በትንሽ በትንሹ ተከፋፍሎ። ወተቱ ግን ይፍላ፤ አይቡም ከታወቀ ቤት ይሁን። ጥሬ ወተትና ጥሬ ሥጋ ለማንም አይመከርም፤ የጨጓራው አሲድ ለቀነሰ ሰው ደግሞ ጀርም መከላከያው ሳስቷል፣ ክትፎውም ይቆየው።

ሽሮን ለብቻው አነሣዋለሁ፤ ጋሼ አንድም ቃል ሳይሉት ማለፋቸው ገርሞኛል። በላመ ምግብ ሳምንት ከሽሮ የሚሻል አገርኛ ነገር ያለ አይመስለኝም። በርበሬ የሌለው ነጭ ሽሮ ይሁን። ሽንኩርቱ በደንብ ደቆ ያለ ዘይት በውሃ ይቀቀል፣ ዱቄቱ እየተነሰነሰ ይግባ፣ እስኪበስል በዝግታ ይንተክተክ፣ ቀጠን ብሎ ይውጣ፤ ጓጉሎ የቀረ ካለ በወንፊት ይጥለል። አተርም ይሁን ሽምብራ ያው ነው። ሆድ ከነፋ መጠኑን መቀነስ ነው። የሚበላው ያለ እንጀራ በማንኪያ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ለሰውየው እንግዳ ነገር ነው፣ በኋላ ይለምደዋል።

ስለ እንጀራ ደግሞ ሁለት ጫፍ አለ። ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት በሉ ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ዕድሜ ልክህን አትቀምሰውም» ብለው ሰው ያስለቅሳሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ለስላሳው ምግብ ያለችግር መውረድ ከጀመረ በኋላ፣ ከአይቡ፣ ከእንቁላሉ ወይም ከምስሩ ቀጥሎ የእጅ መዳፍ የማታክል ቁራሽ ትሞከራለች። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ታኝኮ ነው የሚዋጠው። ፕሮቲኑ ይቅደም፣ እንጀራው ይከተል፤ ቦታ ካለ። ጥብስ የመጨረሻው ነው፤ ከእሱ በፊት የተፈጨ ሥጋ አለ፣ ተፈትፍቶ የላላ ዶሮ አለ።

ጋሼ ከመሶቡ ተነሥተው ለብቻቸው በትንሽ ሳህን መብላት መጀመራቸውን ሲጽፉ «ሰው ቅር ይለዋል» ብለው ነበር። ይለው። በዚህ ነጥብ መቶ በመቶ አብሬያቸው ነኝ። ጉርሻ የሚለካው በአጉራሹ ፍቅር ነው፤ የተቆረጠ ጨጓራ ደግሞ ያን ያህል ፍቅር አይችልም። አማት፣ አክስት፣ ጎረቤት «አፈር ስሆን» ማለታቸው አይቀርም። ለዚያ የሚሆን መልስ ከቤት ተዘጋጅቶ ይወጣል።

ውሃ። ጋሼ ምግብ ሲይዛችሁ በውሃ ግፉት፣ አምቦ ውሃ ከሆነ ደግሞ ያገሳል ይላሉ። ከላይ ያየነው አረፋ ላይ ውሃ ቢጨመር የሚሆነውን እናትየው አይተውታል። ምግብ ሲይዝ መብላት ማቆም፣ ቀና ብሎ መቀመጥ ወይም በዝግታ ወዲህ ወዲያ ማለት ነው፤ ለሰዓታት ካልለቀቀ፣ ምራቅ እንኳ አልዋጥ ካለ፣ ሐኪም ቤት። በምግብ መሐል ውሃ የማይጠጣው፣ ከምግብ በኋላም 30 ደቂቃ ያህል የሚጠበቀው፣ ስኒዋ በውሃ እንዳትሞላና ምግቡም ሳያጠግብ ቶሎ ታጥቦ እንዳይወርድ ነው። ጋዝ ያለው መጠጥ ደግሞ ስፌቱ ያልጠናን ጨጓራ ይነፋል፤ አምቦው ይቅር።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ጋሼ ያልጻፉት ነው። እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወደ ሆስፒታል የሚመለሱበት አንዱ ትልቁ ምክንያት የውሃ እጥረት ነው። በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ያስፈልጋል፤ አንዴ መጨለጥ ስለማይቻል ከጠዋት እስከ ማታ ፉት ፉት እየተባለ ነው የሚገባው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ በዚህ ብርድ ጥማት የሚባል ነገር አይሰማም። ቆላ ሸዋ ሮቢት ያለው ሰው ሲጠማው ያስታውሳል፤ እኛ ዘንድ አስታዋሽ የለም። ለብ ያለ ውሃ በፔርሙዝ አጠገብ ማስቀመጥ፣ ሽንት ከጠቆረ ወይም ከቀነሰ መጨመር ነው። ስለ መለኪያ አረቄ የጻፉትን አንድ መስመር እንደ ጨዋታ ልውሰደው፤ በተለይ ከባይፓስ በኋላ አልኮል ወደ ደም የሚገባው በጣም ፈጥኖ ነው፣ የድሮው መጠን ድሮ የሚያደርገውን አያደርግም።

አሁን በጣም ወደምፈራው ነጥብ ደረስኩ። ጋሼ «ማስመለስ የኦፕራሲዮኑ ጉልበት ነው፣ ሰውነት ትርፉን እየገፋ ነው» ብለዋል። ጽሑፉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንዲሰረዝ ብጠየቅ ይህን ነው የምሰርዘው።

አልፎ አልፎ ቸኩሎ ወይም ሳያኝክ በልቶ ማስመለስ ያጋጥማል፤ ትምህርት ነው። በየቀኑ ማስመለስ ግን ኦፕራሲዮኑ እየሠራ መሆኑን አያሳይም፤ ወይ መተላለፊያው ጠብቧል፣ ወይ አበላሉ ተበላሽቷል። ከሁሉ የሚከፋው በዚያ መሐል የሚያልቀው ቲያሚን፣ ቢ1 የሚባለው ቫይታሚን ነው። ሰውነት የሚያስቀምጠው ቲያሚን ከሁለት ሦስት ሳምንት አያልፍም። ያ ሲያልቅ አንጎል ይጎዳል፤ ሰውየው ዓይኑ ይደራረብበታል ወይም ዓይኑ ያለቦታው ይንቀሳቀሳል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ነገር ይጠፋበታል፣ እግሩ ይደነዝዛል። ቶሎ ከተደረሰበት በመርፌ ይታከማል፤ ከዘገየ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል።

አገራችን ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ አደጋ አለ፤ በየሰፈሩ የምናየው ነው። አምስት ቀን ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰው ይደክመዋል፤ ቅርብ ወዳለ ክሊኒክ ይወስዱትና «ጉሉኮስ ይሰቀልለት» ይባላል። ቲያሚን ባለቀበት ሰውነት ላይ ስኳር ሲገባ ያቺኑ የቀረችውን ጠብታ ቲያሚን አሟጦ ይጨርሳታል፤ ሰውየውም በአንድ ሌሊት ሊዞርበት ይችላል። ቅደም ተከተሉ ቲያሚን መጀመሪያ፣ ጉሉኮስ በኋላ ነው። ይህን ደግሞ ክሊኒኩ የሚያውቀው ታማሚው የጨጓራ ኦፕራሲዮን እንዳደረገ ከተነገረው ብቻ ነው። ጠባሳዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ ማንም አይቶ አይጠረጥርም፤ ብዙ ሰው ደግሞ ኦፕራሲዮኑን ይደብቃል፣ «በስፖርት ነው የቀነስኩት» ይላል። ለሰፈር ሰው ይበል፤ መርፌ ለሚወጋው ሰው ግን ይናገር። ወገብ ሲያመው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ለሚሸጥለት ፋርማሲም ይናገር፤ እነዚህ ማስታገሻዎች በተለይ ባይፓስ ያደረገ ሰው መገጣጠሚያው ላይ ቁስል ያወጣሉ።

ስለ ጾም የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔም ጿሚ ነኝ፤ የምጽፈው ጾምን ለመንቀፍ አይደለም። ጋሼ ትንሽ መብላት ግድ ከሆነማ ሑዳዴን አብሮ መጀመር ነው ይላሉ። ሑዳዴ 55 ቀን ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ መቆየት ማለት፣ ያ ፉት ፉት እየተባለ ቀኑን ሙሉ ይገባ የነበረው ሊትር ተኩል ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ ድረስ ይጨመቅ ማለት ነው፤ ስኒዋ ደግሞ አትችልም። ቀጥሎ ፕሮቲኑ። አይብ፣ እንቁላል፣ ወተትና እርጎ ከወጡ የሚቀረው ምስርና ሽሮ ነው። 60 ግራሙን ከበሰለ ምስር ብቻ ለማግኘት ወደ 700 ግራም መብላት ያስፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይህን የሚያስገባ የተቆረጠ ጨጓራ የለም። የስኳር በሽታ ኖሮበት ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ካልተስተካከለለት በባዶ ሆዱ ስኳሩ ወርዶ ሊወድቅ ይችላል።

ቤተ ክርስቲያን የታመመውን፣ አራሷን፣ ሕፃኑን ታሳርፋለች፤ ይህ ለንስሐ አባት የሚነገር ጉዳይ ነው። የማውቃቸው አባቶች ከሐኪሙ በፊት «ብላ» የሚሉ ናቸው። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ ያሉ ሙስሊም ወንድሞችና እኅቶችም ዘንድ ረመዳን ላይ ያው ነው፤ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲያካክስ ፈቅዶለታል። ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ክብደቱ ሲረጋና የሚበላውም ሰፋ ሲል፣ መጾም ይቻላል። የዚያን ጊዜ የእኛ የጾም ምግብ ሀብታም ነው፦ እልበት አለ፣ ሲልጆው ከለዘበ አለ፣ ክኩ አለ፣ ሽሮው አለ፣ አኩሪ አተርም አሁን እንደ ልብ ይገኛል። የሰዓቱ ነገር ግን ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር አንድ ላይ የሚቆረጥ ነው።

የመጨረሻው የቫይታሚኑ ነው። ጋሼ ጤፋችን ብረት ሞልቶታልና የፋርማሲ ክኒን ለምን እገዛለሁ ይላሉ። ጤፍ ጥሩ እህል ነው፤ ብረትም አለው። ስለ ጤፍ ብረት ከሚወራው ከፊሉ ግን የአውድማው አፈር ነው። እህሉ መሬት ላይ በበሬ እየተረገጠ ሲወቃ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል፤ ላቦራቶሪ ሲለካው የአፈሩንም ብረት አብሮ ይቆጥራል፤ ሰውነት ደግሞ የአፈሩን ብረት እምብዛም አይወስደውም። በዚያ ላይ ብረት በብዛት ወደ ደም የሚገባበት የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ክፍል በባይፓስ ተዘልሏል፤ በስሊቭም አሲዱ ቀንሷል። ምግብ እንዳበቃ የሚፈላው ቡናና ሻይ ደግሞ የቀረውን ይይዝበታል። ቡናው አይቅር፤ ከመጀመሪያው ወር በኋላ፣ ከብረት ክኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት ተራርቆ ይጠጣ። ካልሲየምም ከብረት ጋር አንድ ላይ አይዋጥም፣ ሁለት ሰዓት ይለያዩ።

ቢ12 ደግሞ ጤፍ ውስጥም ምስር ውስጥም የለም፤ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው። ከምግቡ ለቅቆ እንዲሰርግ የሚያደርገው አሲድና ረዳት ፕሮቲን የሚመነጨው ደግሞ ከተቆረጠው ወይም ከተዘለለው የጨጓራ ክፍል ነው። ጉበት ያስቀመጠው ለዓመታት ስለሚበቃ ሰውየው በመጀመሪያው ዓመት «ይኸው ምንም አልሆንኩም» ይላል፤ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እግሩ መደንዘዝ ይጀምራል። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከሥጋና ከወተት የሚርቅ ሰው ጋር ሲደመር ነገሩ ይፈጥናል። የአሜሪካ የሜታቦሊክና የባሪያትሪክ (የክብደት መቀነሻ) ቀዶ ሕክምና ማኅበር በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከሁለቱም ዓይነት ኦፕራሲዮን በኋላ በየቀኑ ከ1,200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ካልሲየም፣ ቢያንስ 12 ሚሊ ግራም ቲያሚን፣ የወር አበባ ለምታይ ሴት ከ45 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ይላል። ቢ12 በክኒን ካልሆነ በወር አንድ ጊዜ 1,000 ማይክሮ ግራም በመርፌ ይሰጣል፤ ይህ ማንኛውም ጤና ጣቢያ የሚወጋው መርፌ ነው። ዕድሜ ልክ ነው። የደም ምርመራው ደግሞ በሦስት ወር፣ በስድስት ወርና በዓመት፣ ከዚያ በየዓመቱ። ልጅ መውለድ የምታስብ ሴት ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ወር እንድትቆይ የሚመከረውም ከዚሁ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ጋሼ በጽሑፋቸው መጨረሻ ሁለተኛ ክፍል እንደሚያወጡ ቃል ገብተዋል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ፦ ስለ ማስመለስ የጻፉትን አንቀጽ ያንሡት። ገንፎውን ቢተዉልኝም እታገሣለሁ፣ በሱ ላይ ሌላ ጊዜ እንከራከራለን። ያ አንቀጽ ግን መሐል ሜዳ ወይም እነዋሪ ሁለት ሳምንት ሲያስመልሰው የሰነበተ ሰው እጅ ከገባ፣ ሐኪም ቤት መሄዱን ትቶ ቤቱ ይተኛል።